ኮከብ ፍለጋ ወጥቼ መሬት ቀያሽ ሆኜ ወረድኩ

ይህን የምጽፈው ባለቤቴ አስቴር ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ገበያ ወርዳ ሳለ ነው። እሷ ቤት ካለች ይህ ጉዳይ አይነሳም። ሕግ አልወጣበትም፣ አልተማማልንበትም፤ ግን አይነሳም። በሌላ ሰው ቤት የማይነሳው የድሮ ፍቅረኛ ስም ነው። እኛ ቤት የማይነሳው የአንድ ኮከብ ሞት ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ሰሜን ነው፤ አርባ ምንጭ የመጣሁት ለጥቂት ጊዜ ብዬ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ብሎ አርባ ምንጭ የመጣ ሰው ሁሉ አሁንም እዚሁ አለ፤ አንዱን ሙዙ ይዞታል፣ አንዱን አሳው፣ አንዱ ደግሞ እንደ እኔ የጋሞ ልጅ አግብቶ ቀርቷል። ሴቻ በሚባለው ላይኛው ሰፈር፣ በረንዳው ተራራውን የሚያይ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። በረንዳው ላይ ቴሌስኮፕ አለኝ። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጓዛቸው ቢበዛባቸው ትተውልኝ የሄዱት ነው። ወፍራም ቱቦ ነው፤ ከነሦስት እግሩ ሲቆም እኔን ያክላል። ክብደቱን የሚያውቀው የተሸከመው ብቻ ነው። አስቴር "ጣውንቴ" ትለዋለች። መጀመሪያ እየሳቀች ነበር የምትለው።

አሁን ስለ ኮከብ ሞት ትንሽ ልበል፤ ትዕግሥት ካላችሁ። ባይኖራችሁም እላለሁ፤ ተማሪዎቼም ኖሯቸው አያውቅም። በጣም ሩቅና በጣም ትልቅ የሆነ ኮከብ ዝም ብሎ አይሞትም። ጋማ ጨረር የሚባል ብልጭታ ረጭቶ ነው የሚሄደው። ብልጭታውን ዓይን አያየውም፤ የሚይዙት ከላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ናቸው፤ አስነጥሳችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ምድጃ ፍም ቀስ እያለ የሚከስም ብርሃን ይቀራል። እኛ ድኅረ ብርሃን እንለዋለን። ይህን በቴሌስኮፕ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ግን በየሰዓቱ እየደከመ ስለሚሄድ በማግስቱ እንደ እኔ ላለው መሣሪያ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሳተላይቱ ብልጭታ ባየ ቁጥር በየአገሩ ለተበተንን እብዶች ሁሉ ስልካችን ላይ መልእክት ይመጣል፤ ሰማዩ የጨለመለት፣ ደመና ያልጋረደው፣ ሚስቱ የፈቀደችለት ሮጦ ያነሳል። አንድ ፎቶ ብቻ ደግሞ አይበቃም። አንስቶ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና አንስቶ፣ መደብዘዙን ማሳየት ያስፈልጋል። ካልደበዘዘ ተራ ኮከብ ነው፤ ተራ ኮከብ ማንም አለው።

ለዓመታት መልእክቱ ሲደርሰኝ ኖሮ አንዱንም አግኝቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ደመና ይሆናል፤ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ባትሪው ባዶ ይሆናል፤ አንድ ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ዝንጀሮ የቴሌስኮፑን ክዳን ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል። የአስቴር ታላቅ ወንድም ማርቆስ ይህን ሰምቶ "ላም አለኝ በሰማይ" የሚል ስም አወጣልኝ። ተራራው ላይ ጨንቻ ዘመድ ጥየቃ ስንወጣ የሰፈሩ ሕፃናት ሳይቀሩ "ላም አለኝ መጣ!" እያሉ ይቀበሉኝ ነበር። ስም ደግሞ እንደ ቁንጫ ነው፤ ከየት እንደመጣብህ ብታውቅም አይለቅህም።

እንግዲህ ኅዳር ላይ የአስቴር አባት አረፉ።

ከጨንቻ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ነበሩ። አካባቢውን ሁሉ መርፌ የወጉት እሳቸው ናቸው፤ ከለቀስተኛው ግማሹ በልጅነቱም በእሳቸው ምክንያት ያለቀሰ ነው። ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ከዝምታቸውም ውስጥ ትልቁ የመሬታቸው ነገር ነበር። የፖም ተክሉን፣ እንሰቱንና ከቤቱ ጀርባ ያለውን ግጦሽ ለየትኛው ልጅ እንደሚሰጡ ሳይናገሩ ነው የሞቱት። ልጆቹም አልጠየቁም። ማርቆስ እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራል፤ ታናሹ ታሪኩ ካምባ ወረዳ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሁለቱም አባታቸውን ይወዱ ነበር፤ ስለ መሬቱ ግን ሁለቱም ያስቡ እንደነበር ዛሬ ላይ ሆኜ ይገባኛል።

ከቀብሩ በኋላ ተማሪዎች መፈተን ነበረብኝና ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። አስቴር መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። ዓይኗ አብጦ ፊቷ የሌላ ሰው መስሏል።

"ማታ ትመለሳለህ" አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም።

"ፀሐይ ሳትገባ" አልኳት።

"ነገ ሰልስት ነው። ከካምባም ዘመድ እየገባ ነው። ሰው 'ባሏ የታለ' እንዲለኝ አታድርግ።"

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው እየጻፉ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንዘረዘረ። አየሁት። ብልጭታ ታይቷል። የታየበትን የሰማይ ክፍል ተመለከትኩ፤ ምዕራብ ነው፤ ገና እንደመሸ ፀሐይን ተከትሎ የሚገባ። አርባ ምንጭ ምዕራብ የላትም፤ ተራራ ነው ያላት። ፀሐይዋ እንኳ እኛ ዘንድ ቀድማ ነው የምትጠልቀው። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ፦ ከሟቹ ቤት ጀርባ ያለው ግጦሽ! ከዚያ ተራራ ጫፍ ምዕራቡ ወለል ብሎ ይታያል። የምሄደውስ ወዴት ነው? ወደዚያው! ለቅሶዬንም እደርሳለሁ፣ ኮከቤንም አነሳለሁ። ሞኝ ሰው ብልህ የሆነ የሚመስለው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

ጎረቤታችን ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ ሲቀላ የጅምላ ሱቅ አለው፤ ድንችና ፖም ሊጭን በአይሱዙው ጨንቻ ይመላለሳል። ከተራራ ሰዎች ጋር በመገበያየት ብዛት ጋሞኛውን የጋሞ አማች ከሆንኩት ከእኔ አሥር እጥፍ ይናገረዋል። ፈተናው እንዳለቀ ሮጬ ሄድኩበት።

"እኔም ለቅሶ አልደረስኩም፤ ሰውዬው ደንበኛዬ ነበሩ" አለ። "ነገ ጠዋት እንውጣ።"

"ዛሬ። አሁን።"

"ነገ ምን ይሆናል?"

"ነገ ይጠፋል።"

"ምኑ?"

"ኮከቡ።"

ትንሽ አየኝ። "ሐዘን እንዲህ ያደርጋል" ብሎ ቁልፉን አነሳ።

ቴሌስኮፑ እንዳይጋጭ በጋቢ ጠቅልለን፣ በገመድ አስረን፣ ባዶ ጆንያዎች ላይ አጋደምነው። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ አይሱዙው ያቃስታል፤ ሐይቁ ከኋላችን እየወረደ እየወረደ ሄደ። እኔ ፀሐይዋን አያለሁ፤ ሸምሱ ሰው ያያል። ነጋዴ ሰላም ሳይል አያልፍም። ባገኘው ሰው ፊት ሁሉ እየቆመ የላሙን፣ የልጁንና የድንቹን ጤንነት ይጠይቃል። ዶርዜ ስንደርስ ሁለት ሴቶች ከኋላ የተጋደመውን አዩና ሸክማቸውን አስቀምጠው ደረታቸውን ያዙ።

"ማን ነው?" አሉ።

"ቴሌስኮፕ ነው" አላቸው ሸምሱ።

"ነፍሱን ይማረው" አሉ።

"አሜን" አለ ሸምሱ፤ መንገዱንም ቀጠልን።

ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ነው የቀራት። ድንኳኑ ሞልቷል። አስቴርን በሩቁ አየኋት፤ ከካምባ የመጡ ሴቶች ከበዋት እያለቀሱ እያስለቀሷት ነው። በመሐላቸው ገብቼ "ይቅርታ፣ ጓሮ አንድ ኮከብ አለብኝ" ማለት አልቻልኩም። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ የድርሻዬን አለቀስኩ፤ ከልቤ ነበር። ግን ዓይኔ በድንኳኑ ቀዳዳ ሰማዩን ይፈልጋል። በመጨረሻ ለሸምሱ "ቦታዬን ያዝልኝ" ብዬው በጓሮ በኩል ወጣሁ። መሣሪያውን አንድ በአንድ ተሸክሜ፣ በእንሰቱ መሐል አልፌ፣ ግጦሹ ላይ ደረስኩ።

የሠራሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። ሦስት እግሩን ተከልኩ። ውኃ ልክ አውጥቼ መሬቱ ሜዳ መሆኑን ለካሁ። ቴሌስኮፑ ሰሜንን ካላወቀ ኮከብ መከተል አይችልም፤ ስለዚህ ኮምፓስ ይዤ ወዲህና ወዲያ ተራመድኩ፤ ከዚያ አንድ ችካል እዚህ፣ አንድ ችካል እዚያ ተከልኩ፤ በመሐላቸው ገመድ ወጠርኩ። ጎንበስ ብዬም በአንድ ዓይኔ በገመዱ አቅጣጫ አየሁ።

ይህን ሁሉ አንዲት አሮጊት ከእንሰቱ ሥር ሆነው ሲያዩኝ እንደነበር አላወቅኩም። እሳቸው የታያቸው ሌላ ነው። ከሰሜን የመጣ ሰው፣ የመሬቱ ባለቤት በተቀበሩ በማግስቱ፣ ሲመሽ ጠብቆ፣ ግጦሹ ላይ ገመድ ሲጥል ነው ያዩት። በእሳቸው ዕድሜ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በልጅነታቸው ከሰሜን የመጡ ሹማምንት እንዲህ በገመድ እየለኩ መሬት ሲወስዱ አይተዋል። ስሙንም ያውቁታል። ድንኳኑ ድረስ ሄደው በአንድ ቃል ተናገሩት፦

"ቀላድ!"

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ተደስቼ አላውቅም። ሰማዩ ጠርቷል፤ ጉሙ ገና ከታች ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል። የመጀመሪያውን ፎቶ አስጀመርኩ። ካሜራው ብርሃኑን እስኪጠራቅም ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ መሐል ሌላ ብርሃን እንዲገባበት አይፈለግም። ያን ጊዜ ነው የእግር ኮቴ የሰማሁት። ማርቆስ ከፊት ነው፤ ከኋላው የድንኳኑ ሰው ግማሹ፤ ሁሉም የስልኩን መብራት አብርቷል።

"መብራቱን አጥፉ!" ብዬ ጮህኩ።

በድብቅ መሬት ሲለካ የተያዘ ሰው ሊናገር ከሚችለው ሁሉ ይህን ነው መርጬ የተናገርኩት።

"ሰማችሁ?" አለ አንዱ። "አጥፉ ነው የሚለው።"

ማርቆስ ገመዱ ላይ ቆመ። "ምን እያደረግክ ነው?"

"ኮከብ እያነሳሁ ነው።"

"ገመዱስ?"

"ሰሜንን ለማግኘት ነው።"

"ሰሜንማ አንተ የመጣህበት ነው። ጠፍቶህ ነው?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ማርቆስ ግን እየቀለደ አልነበረም። አባቱን ከቀበረ ገና ሰልስቱ አልወጣም። ችካሉን ነቅሎ ወረወረው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ታናሽ ወንድሙ ዞረ።

"አንተ ነህ!" አለው። "ይህ ሰው በራሱ አያደርገውም። ካምባ ቁጭ ብለህ ያሰብከው ይህ ነው? ከአባታችን አፈር ላይ ዝናብ ሳይወርድ!"

ታሪኩ ለስላሳ ልጅ ነው። ቀስ ብሎ "እኔ አልላክሁትም" አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ የሚያስቅ ነገር ብቻ ይሆን ነበር። አላቆመም። "ግን ማርቆስ፣ አንድ ቀን መለካቱ ይቀራል እንዴ?"

ሰዉ መሰላለፍ ጀመረ። የታሪኩ ሚስት ወደ ታሪኩ ጠጋ አለች። የማርቆስ ልጆች ወደ አባታቸው። ከዚያ ማርቆስ አንድ ነገር በጋሞኛ ተናገረ፤ ታሪኩም በጋሞኛ መለሰ፤ አልገባኝም፤ ግን ሁለቱ ሲጠጋጉ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም።

የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ ሻንቆ ያን ጊዜ ደረሱ። አልጮሁም፣ አልገሠጹም። ጎንበስ ብለው ከግጦሹ እርጥብ ሣር ነጩና በሁለቱ መሐል ተንበረከኩ። በጋሞ ምድር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ በላዩ ላይ አልፎ የሚማታ የለም። ወንድማማቾቹ እጃቸው ወረደ። ጋሽ ሻንቆ እዚያው ተቀመጡ፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁሉም ይቀመጣልና ያ ሁሉ ሕዝብ በቴሌስኮፑ ዙሪያ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። መብራቱም ጠፋ። ካሜራው ግን በዚያ ሁሉ መሐል ሥራውን አላቋረጠም፤ ማሽን እንደ ሰው ሐዘን የለበትም።

"አንተ ልጅ፣ ና" አሉኝ ጋሽ ሻንቆ። "ምንድን ነው የምትለካው?"

"ብርሃን ነው ጋሽ ሻንቆ። የሞተ ኮከብ ብርሃን።"

"የማን ነው?"

"የማንም አይደለም።"

"የማንም ያልሆነ ነገር ማን ይለካል? ሰው የሚለካው የሰው የሆነውን ነው።"

ዞሬ የካሜራውን ቁጥር አየሁ። እሳቸው ቀጠሉ።

"መቼ ነው የሞተው?"

"በጣም ድሮ ነው። ምድር ሳትፈጠር።"

"እና ዛሬ ምን አስሮጠህ?"

አሰብኩ። ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ ሁለቱም አልረዱኝም። "መርዶው ዛሬ ነው የደረሰው" አልኳቸው።

ጋሽ ሻንቆ ሣሩን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። "መርዶ ይዘገያል" አሉ። "ይህ ይሆናል። አሳየን እስቲ።"

የመጀመሪያው ፎቶ አልቆ ነበር። ላፕቶፑን ከፈትኩ። መላው ለቀስተኛ አንገቱን አስረዘመ። ስክሪኑ ላይ ብዙ ነጠብጣብ አለ፤ ከመሐል፣ በቦታው ምንም ሊኖር የማይገባው ስፍራ ላይ፣ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ። ከዓመታት በኋላ! በጣቴ አሳየኋቸው።

ማርቆስ ጎንበስ ብሎ አየ። "ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"ይቺ?"

"አዎ።"

"የዝንብ ኩስ እኮ ናት" አለ። "በዚች ነው አባቴን ያዋረድከው?"

"ገና አልጨረስኩም" አልኩት። ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? እኔ አልኩ። "እንደገና ማንሳት አለብኝ። ደብዝዛ ካልታየች ምንም አይደለችም።"

ያን ጊዜ ሰዉ ተከፈለና አስቴር መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ቴሌስኮፑን አፉን ሸፈነችው፤ የሞተ ሰው ፊት እንደሚሸፈን።

"ይብቃ" አለች።

ምዕራቡን አየሁ። ኮከቡ እየወረደ ነው። ከታች ጉሙ መነሳት ጀምሯል። የማፍርበት ነገር ቢኖር ያኔ ያሰብኩት ስለ እሷ አለመሆኑ ነው።

"አስቴር፣ እባክሽ።"

"ምን ያህል?"

"ምኑ?"

"ስንት ጊዜ ነው የቀረህ?"

"ድንች እስኪበስል።"

ወንድሞቿን አየቻቸው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ገፈፈችና በእኔና በማርቆስ መሐል ቆመች። "ድንች እስኪበስል ተዉት" አለች። "ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እሰብረዋለሁ። ማንም እንዳይነካው፤ የእኔ ነው።" ቴሌስኮፑን ይሁን እኔን ማለቷ እስካሁን አልጠየቅኳትም።

ያን ያህል ረጅም ጊዜ በሕይወቴ አላውቅም። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ አስቴር ባዶ ትከሻዋን ብርዱ እየመታት ቆማ፣ እኔ የካሜራውን ቁጥር እያየሁ። ከድንኳኑ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። አንድ ሰው ሳለ። ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ የግጦሹን ጫፍ ሲነካ ካሜራው ጨረሰ።

ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ሌሎቹ ነጠብጣቦች ሁሉ እንደነበሩ ናቸው። ያቺ ብቻ ቀንሳለች።

አስቴር ከትከሻዬ ኋላ ሆና አየች። "ደብዝዛለች" አለች።

"አዎ።"

"ደስ አለህ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። "አዎ" አልኳት። ነጠላዋን ለበሰችና ተመልሳ ወደ ድንኳኑ ሄደች። ቴሌስኮፑንም አልሰበረችው፤ ብትሰብረው ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ሻንቆ ፈረዱ። የቀረውን ችካል በሕዝብ ፊት ነቀልኩ፤ ገመዱን ጠቀለልኩ፤ ድንኳን ገብቼ የአማቴን፣ የአስቴርን እናት፣ ጉልበት ሳምኩ። አማቴ አማርኛ ጥቂት ነው የሚችሉት፤ በዚያ ላይ ሐዘን የያዘው ሰው ወደ እናቱ ቋንቋ ነው የሚሸሸው። ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን አድርገው በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አስቴር ሰማች፤ አልተረጎመችልኝም። ከጎኔ ወደ ተቀመጠው ሸምሱ ዞርኩ። የሚሉት እርግማን ይሁን ምርቃት ነፍሴ ተጨንቃለች።

"'ራት በልቷል ወይ?' ነው ያሉት" አለኝ ሸምሱ።

እዚያ ድንኳን ውስጥ ካለቀስኩት ሁሉ ትልቁን ያኔ አለቀስኩ።

ፎቶዎቹን በማግስቱ፣ ሰልስቱ ላይ፣ ኔትወርክ ባገኘሁበት ጥግ ቆሜ የብልጭታውን መልእክት ለሚልኩልን ሰዎች ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ። ሌሎችም እዚያው ቦታ ላይ እንዳዩትና የእኔ ልኬት ከእነሱ ጋር እንደሚስማማ የሚገልጽ፣ በምስጋና የሚጨርስ አጭር መልእክት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ነው። ዞር ዞር ብዬ የምነግረው ሰው ፈለግኩ። ሸምሱ ብቻ ነበር።

"እሰይ" አለኝ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሁለቱ ወንድማማቾች ግን ዛሬ ጠዋት ሰላም አልተባባሉም" አለ።

ከአፍ ያልወጣ ነገር ለዘመናት ይተኛል። አንዴ ከወጣ ግን ማንም መልሶ አያስተኛውም። እኔ መሬቱን አልለካሁም፤ ማርቆስም በኋላ ይህን አመነ። ግን "አንድ ቀን መለካቱ ይቀራል እንዴ?" የሚለው ቃል እዚያ ግጦሽ ላይ ቀርቶ ነበር። ሽማግሌ ደጋግሞ ተቀመጠ፤ ሣር ደጋግሞ ተነጨ። በመጨረሻ አርባው ሳይወጣ እውነተኛው ቀያሽ እውነተኛ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይዞ መጣ። ቤቱ ያለበት ለማርቆስ ደረሰ፤ ግጦሹ ለታሪኩ። ታሪኩ በኪራይ ስም ሸጠው። ማርቆስ ከገዢው ጋር በግንብ ተለያየ።

አማቴም ልጆቻቸው በማይነጋገሩበት ቤት እህል አልቀምስም አሉ። ሁለት ጆንያ ዕቃ በሸምሱ አይሱዙ አስጭነው እኛ ዘንድ ወረዱ። የአርባ ምንጭ ሙቀት አልተስማማቸውም። በልተው እንዳልበሉ፣ ተኝተው እንዳልተኙ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው፣ ወደ ተራራው ዞረው ይቀመጣሉ። ለእኔ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ ክፉ ቃል ቢናገሩኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ባለፈው እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ተራራው ቅርብ የሚመስልበት ጠዋት ነበር። ዓይናቸውን አጥብበው ሲያዩ አየኋቸውና አንጀቴ አልችል አለ። ቴሌስኮፑን ገልጬ ወደ ጫፉ አዞርኩት። ቤቱ ከጫፉ ጀርባ ስለሆነ አይታይም፤ ግን ከመንደሩ በላይ ያለው የባሕር ዛፉ ረድፍ ይታያል። ወንበራቸውን አስጠግቼ "እማማ፣ እስቲ በዚህ ይመልከቱ" አልኳቸው።

ዓይናቸውን አስጠጉ። ብዙ ቆዩ።

"ተገለበጠ" አሉ በአማርኛቸው። "ዛፉ ላይ ታች ነው። ሰማዩ ታች ወረደ።"

"መሣሪያው ነው እማማ፤ ሁሉን ነገር ይገለብጣል። ቆይ፣ የሚያቀናው ሌላ መስታወት አለ፣ ላምጣልዎት።"

"ተወው" አሉኝ ዓይናቸውን ሳያነሱ። "ልክ ነው።"